አራታችንም የምንበላባት ቤት

ለንግድ ናይሮቢ የሚመጣ የአገራችን ሰው ከኢስሊ ብዙ አይርቅም። አውቶቡሱ የሚያወርደው እዚያ ነው፤ የሚያድረውም፣ የሚገዛውም፣ የሚበላውም እዚያው ነው። እንጀራው፣ ቡናው፣ ሐዋላው በእግር መንገድ ላይ እያለለት ሌላ ሰፈር መሄድ ትርፍ ወጪ ይመስለዋል። እኛም ለዓመታት እንዲሁ ኖረናል። ላቪንግተንን የምናውቃት በደንበኞቻችን አድራሻ ብቻ ነበር። የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የሚያዙን፣ በርበሬና ሽሮ በኪሎ የሚወስዱን ቤተሰቦች እዚያና አጠገቧ ባሉት በኪሊማኒና በኪሌሌሽዋ ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ አድርሰን፣ ሒሳብ ተቀብለን፣ ሳንቀመጥ እንመለስ ነበር።

ዛሬ የምናወራችሁ እዚያ ሰፈር ስላለች አንዲት ትንሽ የታይላንድ ምግብ ቤት ነው። ስሟን አንጠራም። ያሏት ጠረጴዛዎች ስምንት ናቸው፤ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ አንድ ቅዳሜ ከመጣችሁ እኛ የት እንቀመጣለን? ስለ ምግቡ እናወራለን፣ ስለ ሸሪክነትም እናወራለን፤ ለእኛ ሁለቱ በዚያች ቤት ተገናኝተዋል።

እኛ አራት ነን። ሁለታችን ከመርካቶ፣ አንዷ ከሞያሌ፣ አንዱ ናይሮቢ ከከተመ ሃያ ዓመት ያለፈው ነው። ወረታችን አንድ ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም ለአራት ይከፈላል። የመንገድ ስንቅና የምግብ ወጪም ከጋራ ኪስ ይወጣል። የመርካቶዎቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ታላቃችንን ጋሼ እንላቸዋለን፣ ጾም የማያስታጉሉ ሰው ናቸው። የሞያሌዋ እህታችን ሙስሊም ናት። የናይሮቢው ወንድማችን ፕሮቴስታንት ነው፤ የቀረበለትን ሁሉ ይበላል።

አገር ቤት ያደገ ሰው ችግሩን ሳንነግረው ያውቀዋል። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ የሚባል ነገር አለ። ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ ያሳድጋል፣ ገንዘብ ያለ ወረቀት ይበዳደራል፣ ሐዘን አብሮ ይቀመጣል፤ በሬው ሲታረድ ግን ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። እኛም ናይሮቢ ላይ እንዲሁ ነበርን። ኢስሊ ውስጥ በየሉካንዳው የሚታረደው በሙስሊም እጅ ስለሆነ ጋሼ አይነኩትም። ሌላ ቦታ ስንሄድ ደግሞ እህታችን ማን አረደው ብላ ትጠይቃለች። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ያስታርቀናል፤ አራታችን ባንድ ትሪ ዙሪያ እንሰበሰባለን። በሌላው ቀን ግን ሁለት ትሪ፣ አንዳንዴም ሁለት ምግብ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ቦንዳ ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ማታ ሽሮ ብቻ ብላ ቢሉት ይከፋዋል። አንዳችን ከአንዳችን ተለይተን በልተን ስንመለስ ደግሞ ሒሳቡ ይመጣል፤ የእናንተ ጥብስ ይህን ያህል፣ የእኛ ሩዝ ይህን ያህል። ትልቅ ገንዘብ አልነበረም። ነገር የሚጀምረው ግን ከትንሽ ገንዘብ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሐበሻ ቤት ስንቀመጥ ብቻችንን አንቀመጥም። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የሚያውቀን አለ፣ ሰላምታ አለ፣ «ኧረ ይሁንብኝ እኔ ልክፈል» አለ። ደስ ይላል፤ ግን ስለ ብድርና ስለ ዋጋ መነጋገር አይቻልም። የነጋዴ ጆሮ በሦስት ጠረጴዛ አልፎ ይሰማል።

የታይላንዷን ቤት ያገኘው የናይሮቢው ወንድማችን ነው። ዕቃ ሊያደርስ ሄዶ ዝናብ ሲይዘው ወደ በረንዳዋ ተጠጋ፤ ዝናቡ ሲረዝም ገብቶ በላ፤ ማታ ሲመጣ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ዓሣው አወራን። በሚቀጥለው ቅዳሜ አራታችንም ሄድን።

ላቪንግተን ለማያውቃት፣ ዛፍ የሞላባት፣ አጥሯ ረጅም፣ በሩ ላይ ዘበኛ የቆመባት ሰፈር ናት። የድሮዎቹ ሰፋፊ ግቢዎች እየፈረሱ ፎቅ እየሆኑ ነው። ሀብታም ትባላለች፤ ነገር ግን ከካዋንግዋሬ ጋር አጥር ለአጥር ናት፣ ጠዋት ጠዋት የቤት ሠራተኛውና ግንበኛው ከዚያ በእግሩ ይመጣል። ከከተማ 46 ቁጥር ማታቱ የያዘ ሰው በቫሊ አርኬድ በኩል ይደርሳል። ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ በልብስ ንጽሕና ቤትና በስልክ ጠጋኝ መካከል ናት። ፕላስቲክ ወንበር፣ በላስቲክ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የታይላንድ ቀን መቁጠሪያ። ሙዚቃ የለም። ማብሰያው ከመቀመጫው የሚለየው በአንድ ባንኮኒ ስለሆነ እሳቱን ታያላችሁ፣ ጎድጓዳው መጥበሻ ሲንጫጫ ትሰማላችሁ። ከገቡት እንግዶች ግማሾቹ የመሥሪያ ቤት ሹፌሮችና ባለሱቆች ናቸው። ዋጋው በሰሌዳ ተጽፏል፤ አንዱ ምግብ ከ600 እስከ 900 ሺሊንግ ነው፤ ክፍያ በኤም-ፔሳ ወይም በጥሬ ብር።

ባለቤቷ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ያሉ የታይላንድ ሴት ናቸው። አብሳዩ ኬንያዊ ነው። እሱ ሲጠራቸው «ፒ» ይላል። የስማቸው መጀመሪያ መስሎን ነበር፤ በኋላ ሲያስረዱን በታይኛ «ታላቄ» ማለት ነው አሉ። ታናሹን ደግሞ «ኖንግ» ይሉታል። አስተናጋጅ፣ ሻጭ፣ የታክሲ ሹፌር ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው። ጋሼና እትዬ ሲባባል ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም ፒ እንላቸዋለን።

መጀመሪያ ያዘዝነው ዓሣ ነው። ዓሣ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም፤ ለጋሼም ለእህታችንም እኩል ነው። ሙሉ ቲላፒያ ጠብሰው፣ ጎኑን በቢላዋ ተልትለው፣ ላዩ ላይ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣና የሚያቃጥል ስልስ አፍስሰው መሐል ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ስሙ «ፕላ ሳም ሮት» ይባላል፤ ሦስት ጣዕም ያለው ዓሣ ማለት ነው። ኮምጣጣው ከሁመር የተሠራ ነው፤ ኬንያዎች ኡክዋጁ የሚሉት። ለየሰው አንድ አንድ ሳህን ሩዝ መጣ፣ ወጡ ግን የሁላችን ሆነ። ታይላንዶች የሚበሉት እንዲህ ነው፤ ሩዙ የግል፣ ሌላው የመሐል። ማንም ሙሉውን ወደ ራሱ አይገለብጥም፤ አንድ ማንኪያ ወስዶ ይበላል፣ ደግሞ ይወስዳል። አራታችን ሥጋ ነክ የሆነ ነገር ከአንድ ሳህን ስንበላ በስድስት ዓመት ሸሪክነታችን የመጀመሪያው ነበር።

ስለዚህ ዓሣ በኋላ ያወቅነውን ብንነግራችሁ ትወዱታላችሁ፣ ምክንያቱም የንግድ መንገድ ታሪክ ነው። ቲላፒያ የእኛው ቆሮሶ ነው፤ ከጣናና ከዝዋይ የሚወጣው፣ የዓባይ ዓሣ። በ1965 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶ 50 ዓሦች ለታይላንዱ ንጉሥ ቡሚቦል ላኩ። ንጉሡ በቤተ መንግሥታቸው ኩሬ አራቧቸው፤ ከዚያ ለገበሬ ተከፋፈለ። ዛሬ ታይላንድ ውስጥ «ፕላ ኒን» እየተባለ በየገበያው የሚሸጠው እሱ ነው። የዓባይ ዓሣ በጃፓን በኩል ባንኮክ ገባ፣ ባንኮክ ላይ በሁመርና በቃሪያ መሠራትን ተማረ፣ ሙያው ደግሞ ተመልሶ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ብዙ በማይርቅ ከተማ ለእኛ ቀረበ።

የምንቀመጥበት መሬትም እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ላቪንግተን ፎቅ ከመሆኗ፣ ከቪላም በፊት የቡና ተክል ነበረባት። የቅዱስ ኦስቲን ሚሲዮን የፈረንሳይ ቄሶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጥተው ናይሮቢ አጠገብ ቀደም ብለው ቡና ከተከሉት መካከል ናቸው። ቡናው ከእኛ ከጎረቤቶቹ በሞያሌ በኩል የመጣ እንዳይመስላችሁ። ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመን በፈረንሳዮች እጅ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳለችው ሬዩኒዮን ደሴት ሄዶ፣ ከዚያ በ1893 እ.ኤ.አ. ታይታ ውስጥ ቡራ በሚባል ቦታ ተተክሎ፣ በመጨረሻ ናይሮቢ ደረሰ። ዝርያው እስከ ዛሬ ፍሬንች ሚሽን ይባላል። ጎረቤት ለጎረቤት በቀጥታ ያልተሻገረ ዕቃ ዓለምን ዞሮ ሲደርስ ለእኛ ለድንበር ነጋዴዎች አዲስ አይደለም። በኅዳር 2013 ዓ.ም ሞያሌ ላይ የአንድ መስኮት ድንበር ኬላው እስኪመረቅ ድረስ ስንቶቻችን ነን ለአንድ ካርቶን በሁለት ቢሮ የተንከራተትነው?

ወደ ምግቡ እንመለስ። ለሐበሻ አፍ የማይከብድበት ምክንያት ሽታው የሚታወቅ ስለሆነ ነው። «ቶም ያም» የሚሉት ሾርባ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጠረን ጠጅ ሣር ነው፤ እኛ ለበዓል የምንጎዘጉዘውን እነሱ ቀጥቅጠው ድስት ውስጥ ይጥሉታል። ዝንጅብል የሚመስለው ሥር «ካ» ይባላል፤ ከኮረሪማም ከዝንጅብልም ጋር አንድ ዘር ነው። «ፓድ ክራፓው» የሚባለው ጥብስ ላይ የሚጨመረው ቅጠል የበሶብላ ዘመድ ነው፤ ጋሼ አሽትተው «ይሄማ የቅቤ ማንጠሪያ ነው» አሉ። የፓፓያ ሰላጣው የሚወቀጠው በሙቀጫ ነው፤ ከውስጥ ድምፁ ሲሰማ አገር ቤት ቡና የሚወቀጥ ይመስላል። ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ኢሳን በሚባለው አገር ሩዙ ተጣባቂ ነው፣ በእጅ እየተጠቀለለ ይበላል፤ የሚቀርበውም ክዳን ባለው የተሰፋ ሙዳይ ነው።

የሚያቃጥለው ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ሚጥሚጣ ያሳደገው ሰው አይፈራም ብለን ነበር። ፒ «ፔት?» ብለው ጠየቁን፣ ይቃጠል ወይ ማለታቸው ነው፤ የናይሮቢው ወንድማችን በእጁ ብዙ ብሎ አሳየ። ከዚያ በኋላ ለሩብ ሰዓት አልተናገረም። የእኛ በርበሬ ከቅመም ጋር ታሽቶ፣ ደርቆ፣ በወጥ ውስጥ ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ የእነሱ ትንሿ ቃሪያ ጥሬዋን ትገባለች። «ማይ ፔት» ማለት አይቃጠል ነው፣ ያዙት። ለነገሩ ቃሪያው የእነሱም የእኛም አይደለም። ከአሜሪካ አህጉር ወጥቶ በባሕር ነጋዴዎች እጅ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ነው ወደ እኛ ዓለም መሻገር የጀመረው። ያለ እሱ ዶሮ ወጥም ቶም ያምም አይታሰብም፤ ሁለቱም አገር የራሴ ነው ይላል።

አሁን ለጿሚዎች። ይህን ክፍል ባንኮክ ለልብስ ወደ ፕራቱናም የምትሄዱ፣ የወሎን ኦፓል ይዛችሁ የምትሄዱም ልብ በሉት። በታይላንድ ምግብ ውስጥ አትክልት ብቻ የሚመስል ነገር ጾም አይደለም። ጨው የሚሆናቸው «ናም ፕላ» ነው፤ ትንንሽ ዓሣ በጨው ታሽጎ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ የሚወጣ ውኃ። ለአረንጓዴውና ለቀዩ ከሪ መሠረት የሚሆነው ድልህ ብዙ ጊዜ «ካፒ» የሚባል የሽሪምፕ ልቁጥ አለበት። የተጠበሰ ጎመን ላይ የኦይስተር ሶስ ይጨመራል። ፓድ ታይ ውስጥ እንቁላል አለ። የፓፓያ ሰላጣ ላይ ደረቅ ሽሪምፕ ይነሰነሳል። ስለዚህ «አትክልት ስጡኝ» ብቻ ካላችሁ ዓሣ በልታችሁ ትወጣላችሁ።

ባንኮክ ላይ የሚያድናችሁ ቃል «ጄ» ነው። ከቻይና የመጣ የቡድሂስቶች ልማድ ሲሆን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ ለዘጠኝ ቀን ከእንስሳ የተገኘ ነገር ሁሉ አይበሉም፤ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳ ይተዋሉ። በቢጫ ባንዲራ ላይ ቀይ ፊደል ያያችሁበት ቤት የጄ ምግብ አለ፤ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚሸጡም አሉ። ከእኛ ሁለተኛዋ የመርካቶ ሸሪክ ባንኮክ ተመላልሳ ነበርና ይህን ቃል ለፒ ስትነግራቸው ሳቁ፣ ወዲያው ገባቸው። «ማይ ሳይ ናም ፕላ፣ ማይ ሳይ ካይ» ማለት ናም ፕላ አይግባ፣ እንቁላል አይግባ ማለት ነው። አሁን ረቡዕ ከሆነ ገና ሳንቀመጥ አብሳዩ «ጄ?» ይለናል። መጥበሻውን አጥቦ፣ በሶያ ሶስና በጨው፣ ቶፉና እንጉዳይ ይሠራልናል። ቶፉ ለማታውቁት ከአኩሪ አተር የሚረጋ እንደ አይብ ያለ ነገር ነው፤ ብቻውን ጣዕም የለውም፣ የገባበትን ይመስላል።

ለሙስሊሞች ደግሞ፣ የአሳማ ሥጋ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ፤ በብዙ የታይላንድ ቤቶች አለ። ፒ ቤታቸው አያስገቡም፤ ደንበኞቼ ብዙዎቹ አይበሉም ብለው ነው። ሥጋ ቢሆን እህታችን እዚያም ትጠይቃለች፣ ጋሼም ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ባልተጾመ ቀን ዓሣ፣ በጾም ቶፉ አልንና ተገላገልን። አንድ ቀን ግን «ማሳማን» የሚባለውን ከሪ ያለ ሥጋ በድንች ሠርተው አቀረቡልን። ስሙ ሙስሊም ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ አለበት፣ ከፋርስና ከሕንድ በመጡ የጥንት ነጋዴዎች ወደ ታይላንድ የገባ ቅመም ነው። እህታችን ቀምሳ «ይሄ የእናቴ ፒላው ሽታ ነው» አለች። የናይሮቢው ወንድማችን አትክልቱን እየበላ ሥጋ ናፈቀኝ ሲል ማንም አልሰማውም።

የታይላንድ ምግብ ቤት እንደ ላቪንግተን ባለ ሩቅ ቦታ መገኘቱ በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። የታይላንድ መንግሥት በ2002 እ.ኤ.አ. ምግቡን በዓለም ለማስፋፋት ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። ምግብ ቤቱ ከተከፈተ ሩዙም፣ ናም ፕላውም፣ የኮኮናት ወተቱም ተከትሎ ይሸጣል፣ ቱሪስቱም ይመጣል ብሎ ነው። ጥሩ ለሆኑት የንግድ ሚኒስቴሩ ታይ ሴሌክት የሚባል ምልክት ይሰጣል። የፒ ቤት ምልክት የላትም፣ የሚያስፈልጋትም አይመስለንም። እኛ ግን ይህን ስንሰማ ስለ ራሳችን አሰብን። የሐበሻ ምግብ ቤት ናይሮቢ፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን የደረሰው በስደተኛ ጓዝና በእናቶች እጅ ነው፤ ጤፉን፣ በርበሬውንና ሽሮውን ተከትለን የምናደርሰው ደግሞ እንደ እኛ ያለን ነጋዴዎች ነን።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሆድ ነው። አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

በ2016 ዓ.ም ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገቡ። በዚያው ሰሞን ለፋሲካ የታዘዘ ሰማንያ ቀሚስና ከዚያ የሚበልጥ ነጠላ ከሞያሌ በጭነት መኪና አስነሣን። ኬንያ በዚያ ዓመት የወረደባትን ዝናብ ታስታውሳላችሁ፤ በኋላ ጎርፍ ሆኖ ስንት ሰው አፈናቀለ። ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማርሳቢት ላይ ዝናብ ያዘው፤ የመኪናው ሸራ የተቀደደ ነበር። ቦንዳዎቹ ሲፈቱ ከሰማንያው ቀሚስ ሠላሳ አራቱ ረጥበዋል። ውኃ ብቻ ቢሆን ይደርቃል፤ የጥለቱ ቀለም ግን ለቅቆ ነጩ ላይ ወርዷል። አረንጓዴና ቀይ የተንጠባጠበበትን ቀሚስ ለፋሲካ ማን ይለብሳል?

የመኪናው ሰው ዝናብ የእግዜር ነው አለና ስልኩን ዘጋ። ኪሳራው እኛ ላይ ቀረ። መኪናውን የተዋዋለችው የሞያሌዋ እህታችን ናት። ከመርካቶ በኩል «ዝናቡ እስኪያባራ ይቆይ ብለን ነበር» ተባለ። ከሞያሌ በኩል «ፋሲካ አይቆይም ያላችሁት እናንተው ናችሁ» ተባለ። መኪናውን የመረጠ ኪሳራውን ይቻል የሚል ቃልም ወጣ። ለአንድ ሳምንት በስልክ ብቻ፣ ያውም በጽሑፍ ተነጋገርን። ነጋዴ ለሸሪኩ ድምፁን ትቶ በጽሑፍ መነጋገር ከጀመረ ምስክር እያዘጋጀ ነው።

የናይሮቢው ወንድማችን ነው እንገናኝ ያለው። የት የሚለው ራሱ ጥያቄ ነበር። ኢስሊ ላይ ሁሉም ሰው ያውቀናል፤ ሸሪኮች ተጣሉ የሚል ወሬ ከወጣ ዱቤ የሚሰጠን ይጠፋል። ሆቴል ክፍል ውስጥ ደግሞ ፍርድ ቤት ይመስላል። የረመዳን የመጨረሻ ሳምንት ነበርና ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ የፒ ቤት ተገናኘን። እህታችን ቀኑን ሙሉ አልቀመሰችም፤ ጋሼም ሁዳዴ ስለሆነ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ነው የዋሉት። ሁለት ጾመኞች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር። የናይሮቢው ወንድማችን ቴምር ይዞ መጥቶ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ እህታችን ቴምሩን በልታ ውኃ ጠጣች፤ ሳህኑን ወደ ጋሼ ገፋችው፤ አንድ አነሱ።

ፒ አልጠየቁንም፤ ሁሉንም ጄ አድርገው ላኩ። የእንጉዳይ ቶም ያም፣ ቶፉ በበሶብላው ዘመድ፣ ያለ ሽሪምፕ የተወቀጠ የፓፓያ ሰላጣ በለውዝና በሎሚ፣ ተጣባቂው ሩዝ በሙዳዩ። ለተወሰነ ጊዜ የሚሰማው ማንኪያ ብቻ ነበር። ቀኑን የጾመ ሰው መጀመሪያ ይበላል፣ ቀጥሎ ይጣላል። ጋሼ ሩዙን በእጃቸው ጠቅልለው፣ ሰላጣው ውስጥ ነከር አድርገው፣ «እንቺ» ብለው ለእህታችን አጎረሷት። ስድስት ዓመት አብረን ነግደን ጋሼ እሷን ሲያጎርሱ አላየንም ነበር፤ በሥጋው ምክንያት እጃቸው ከትሪያቸው ወደ ትሪዋ ተሻግሮ አያውቅም። እሷም መልሳ አጎረሰቻቸው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባል የለ? እሷ ሁለተኛ ጨመረች።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወጣ። ኪሳራው እንደ ውላችን ለአራት ተከፈለ። ያ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ እህታችን በዚያን ሰሞን የልጇን የትምህርት ክፍያ ልትከፍል ስለነበር ድርሻዋ በሦስት ወር እንዲቆረጥ ጋሼ ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። የተበላሹትን ቀሚሶች አጥበን፣ ጥለታቸውን ፈትተን፣ ለቤት ልብስ በወረደ ዋጋ ለመሸጥ ተስማማን። የላቪንግተን ደንበኞቻችንን በማግሥቱ ደውለን ነገርናቸው፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣው ምትክ ለትንሣኤ ሰሞን ደረሰ፤ ትርፍ አልነበረውም፣ ስማችን ግን ቀረ። ከመኪናው ሰው እስከ ዛሬ አንድ ሺሊንግ አላገኘንም።

ይህ ሁሉ ምግቡ የሠራው ነው አንልም። ሰዎቹ ክፉዎች ቢሆኑ በማርም አይታረቁም። ነገር ግን ያን ዕለት በሁለት ትሪ ተከፍለን ብንቀመጥ ኖሮ፣ የመርካቶ ትሪና የሞያሌ ትሪ ሆነን ነበር የምንከራከረው፤ ሒሳቡም በሁለት ወገን ይቀመጥ ነበር። ከአንድ ሳህን የሚወስድ ሰው ለሌላው ማስተረፍን እየበላ ያስታውሳል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚሉት አባቶች ስለ ምግብ ብቻ የተናገሩ አይመስለንም።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አድርገናል። የወሩ ሒሳብ የሚዘጋው የፒ ቤት ነው። ለአራት ሰው ሁለት ወይም ሦስት ምግብና ሩዝ ይበቃል፤ ከጋራ ኪስ ይወጣል፣ «የሒሳብ ቀን» ተብሎ በመዝገብ ይጻፋል። ማን ምን በላ የሚለው ክርክር ከመዝገባችን ጠፍቷል፣ ሁሉም ሁሉን ስለሚበላ።

ለመሞከር ለምትፈልጉ፣ በየትኛውም ከተማ ትንሽ የታይላንድ ቤት ስታገኙ እንዲህ አድርጉ። ለየራሳችሁ አትዘዙ፤ ለመሐል እዘዙ። መጀመሪያ ስለ ናም ፕላ፣ ስለ ካፒና ስለ እንቁላል ተነጋገሩ፤ ከሪው ድልህ ውስጥ ምን እንዳለ አብሳዩን ጠይቁት። ያልተጾመ ቀን ከሆነ ሙሉ ዓሣ ምረጡ። ጠረጴዛው ላይ አራት ማሰሮ ታያላችሁ፤ ስኳር፣ የደረቀ በርበሬ፣ ቃሪያ ያለበት ኮምጣጤና ቃሪያ ያለበት ናም ፕላ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የሚያስተካክለው በእነዚህ ነው፤ ጿሚ የመጨረሻውን አይንካ። ማንኪያው በቀኝ እጅ ነው፤ ሹካው ወደ ማንኪያው መግፊያ ብቻ ነው። ሥጋ ቢቀርብም ባይቀርብም፣ ቀድማችሁ ጓደኛችሁ ምን እንደሚበላ ጠይቁ፤ አብሯችሁ ስንት ዓመት እየነገደ የማታውቁት ሊሆን ይችላል።

የታይላንድ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ጓንዡ ላይ፣ ዱባይ ላይ፣ ካምፓላ ላይ ለእናንተ የሚሆን ሌላ ቤት ይኖራል፤ የሕንድ ይሆናል፣ የዓሣ ጠባሽ ይሆናል። ዕቃ ማሳደሪያ መጋዘን ስትከራዩ በዚያው ቀን ሸሪኮቻችሁ ሁሉ የሚበሉበትን ቤትም ፈልጉ። አግኝታችሁ ከሆነ ሰፈሩን ጻፉልን፤ ስሙን ባትነግሩን እንረዳችኋለን።